ክሬን ያላነሳችው ወንበር

እህቴን ክሬን ብሎ የሰየማት የወንበር ኪራይ ግቢያችን የጫኞች አለቃ ነው። አንድ ቀን ለሠርግ የሚሄድ የፕላስቲክ ወንበር አራት አራት እየደራረበ ወደ መኪናው ሲያመላልስ፣ እህቴ ስምንቱን ባንድ ላይ አቅፋ፣ አገጯን ከላይ አሳርፋ፣ እያፏጨች በአጠገቡ አለፈች። ሰውዬው የያዘውን መሬት አስቀመጠና «ይቺ ሰው አይደለችም፣ ክሬን ናት» አለ። እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላት! ቁም ሣጥን የሚያዛውር ጎረቤት፣ የጋዝ ሲሊንደር የከበዳት ሴት፣ መኪናው የቆመበት መንገደኛ ሳይቀር «ክሬንን ጥሩልኝ» ማለት ጀመረ። እሷ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም። «እምቢ የሚባል ቃል እኮ አለ» ስላት «እሱን አንቺ ጠቅልለሽ ወሰድሽው፤ ለኔ ምን ተረፈኝ?» ትለኛለች።

እኔ ታናሿ ነኝ። የግቢው ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው፤ በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። ባሏ ፒክአፑን የሚነዳው ሹፌራችን ነው። ደግ ሰው ነው፣ ይህን አልክድም፤ ዓይን አፋርነቱ ግን በሽታ ነው። ፋርማሲ ሄደህ የሴት ንጽሕና መጠበቂያ ግዛ ከተባለ መንገዱን ሁሉ ሲያልበው ይሄድና የጥርስ ሳሙና ይዞ ይመለሳል። አራት ልጆች በምን ተአምር እንደወለዱ እኔም ጫኞቹም ዛሬ ድረስ አልገባንም።

እናቱን እማማ ዳኛ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አይስቁም፣ አይቸኩሉም፣ የሰው ወንበር ላይ እንዲሁ አይቀመጡም። ቤቱ ሙሉ በሳቅ ሲፈርስ እሳቸው የወንበሩን እጀታ ጨምቀው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ ፍርድ ሊሰጡ የተሰየሙ ይመስል ጭጭ ይላሉ። ሲራመዱም እንደ ንግሥት እያንዳንዷን እርምጃ አስበውባት ነው፤ ብዙም ሳይቆዩ ተነስተው ይሄዳሉ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ክንዳቸው ላይ የማትጠፋዋ የታጠፈች ወፍራም ጨርቅ ናት። ግቢያችን በመጡ ቁጥር መጀመሪያ እሷን ወንበራችን ላይ ያነጥፋሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ። እንግዲህ ወንበር አጥቦ በማከራየት ለሚኖር ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ምን ስድብ አለ? «ዛሬ ጠዋት ነው እኮ የታጠበው፣ እማማ» ስላቸው «ይሁን፤ እኔ እንዲህ ነው የለመድኩት» ይላሉ። እኔም በልቤ «ኩራት እራቷ» እልና ወደ ስልኬ እዞራለሁ።

የእህቴ ነገር በፉጨቷ ታወቀኝ። ፉጨቱ ቆመ። ወንበር ጭና ስትመለስ ከቁልሉ ጀርባ ትገባለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ፊቷን አስተካክላ ትወጣለች። አንድ ቀን ተከትያት ገባሁ። አንድ እጇን ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ከሆዷ በታች አድርጋ ቆማለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ፊቱ እንዲህ አመድ አይመስልም።»

ግራ ቀኟን አየች። ከወንበር በቀር የሚሰማን አልነበረም። «የሆነ ነገር ወደ ታች እየመጣብኝ ነው» አለች።

«የት ታች?»

«ታች ነዋ! ሌላ ታች አለኝ እንዴ? ስቀመጥ እንቁላል ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ስሸከም ውዬ ስታጠብ በእጄ እነካዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የመጨረሻውን ልጅ ከወለድኩ ወዲህ ትንሽ ትንሽ ነበረ።»

የመጨረሻው ልጅ ጢም አውጥቷል። እኔ እንደሆንኩ ስናደድ እጄም አፌም አያርፍም፤ በዚያው ሳምንት እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ቀጭን፣ አጭር፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት፤ እህቴ ባንድ ክንዷ ልታነሳት ትችላለች። ከመረመረቻት በኋላ እጇን እየታጠበች ረጋ ብላ ነገረችን። ማህፀኗን፣ ፊኛዋንና የብልቷን ግድግዳ ደግፈው የያዙት ጡንቻዎችና ጅማቶች ላልተዋል፤ ስለዚህ ማህፀን ወርዷል፣ ግድግዳውም ወደ ውጭ ተገፍቷል። ደጋግሞ መውለድ፣ ከባድ መሸከም፣ የከረመ ሳልና ድርቀት፣ ዕድሜም ያመጡታል። «ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፤ አፍ አውጥታ የምትናገረው ግን ጥቂቷ ናት» አለች።

እህቴ አሰበችና «የገመድ ወንበር መቀመጫው ሲረግብ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ልክ እንደሱ።»

«እሱማ ገመዱን መልሶ መወጠር ነው መድኃኒቱ።»

«እኛም እንወጥረዋለን። መጀመሪያ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና እንሞክር» አለች ሐኪሟ። ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ጡንቻን ሰብስቦ የመያዝ ልምምድ አስተማረቻት፤ ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበትም አስገባችላት። በወሩ ቀለበቱ ሾልኮ ወጥቶ ተመልሰን ሄድን።

«ከባድ ነገር አንስተዋል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«ስምንት ወንበር።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች። ስለ ቀዶ ሕክምና ማውራት የጀመርነው ያኔ ነው።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ እህቴ መኪናው ውስጥ አስማለችኝ። በእናታችን አፈር፣ ለእማማ ዳኛ ትንፍሽ እንዳልል። «ሌላው ይስማ ግድ የለም» አለች፤ «እሳቸው ግን በዚያ ጨርቃቸው ላይ ተቀምጠው እንዲፈርዱብኝ አልፈልግም።» ማልኩ። ሹፌሩ በበኩሉ ለእናቱ ብቻ ሳይሆን ለማንም እንዳይነገር ፈለገ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?» ብለው «መድኃኒቱንማ አገኘች እኮ፤ አሁን የቀረው መደበቁ ነው» አለኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ምን ይባላል?

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ስትወጣ ሐኪሟ ሦስታችንንም አስቀምጣ እንደ ሕፃን አስጠናችን። ስድስት ሳምንት ውሃ ከሞላ ማንቆርቆሪያ የሚከብድ ነገር አይነሳም። ስፌቱ ሳይጠና ከባድ ነገር ከተነሳ የተወጠረው ሁሉ መልሶ ይረግባል፤ ሁለተኛ መስፋት ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይቀናም።

«ባዶ ወንበርስ?» አለች እህቴ።

«አንዱን፣ ያውም ስድስት ሳምንቱ ካለፈ በኋላ።»

«የልጆች ወንበር?»

«አይቻልም።»

«ሳላነሳው ብገፋውስ?»

«ይቀመጡበት እንጂ፣ እህቴ!» አለች ሐኪሟ፣ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አድርጋ። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞረች። «በነዚህ ሳምንታት የባልና ሚስት ግንኙነትም አይኖርም።»

ሹፌሩ እስከ ጆሮው ቀላ። «እኔ ሹፌር ነኝ» አለ፣ «ውጭ ነው የምውለው።»

ውሸቱን ያመጣው እሱ ነው፤ ያውም ከአንድ እስከ ሦስት። እናቱ ስልክ ደውለው «ሚስትህ ድምፅዋ ጠፋ» ሲሉት መንጋጋ ጥርስ ተነቅላ ነው አለ። የጫኞቹ አለቃ ግቢ ውስጥ «እትዬ የት ጠፉ?» ሲለው፣ ጥርስ ይህን ያህል አያስተኛም ብሎ አሰበና ዓይኗን ተሠርታ ነው አለ። ፎቅ ላይ ያለችው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ደግሞ እህቴ ከመኪና ስትወርድ በዝግታ ስትራመድ አየቻትና ጠየቀችው፤ ጉልበቷ ነው አለ። እያንዳንዱ ውሸት ለጠየቀው ሰው ዓይን የሚመች ነበር። ሰውዬው እንዲህ ዓይነት ተሰጥኦ እንዳለው አላውቅም ነበር።

የውሸቱ ክፋት ግን ውሸትነቱ ብቻ አይደለም፤ እጇን ጤነኛ አድርጎ መተዉ ነው። ጥርስ የተነቀለ ሰው ወንበር ማንሳት ያቅተዋል? ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጎረቤት የስፌት መኪና እንድታወርድለት በር አንኳኳ፤ ሌላዋ ጠብደል ልጇን «እስኪ አንዴ ያዢልኝ» ብላ ልታሸክማት ደረሰች። ሁለቱንም በር ላይ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና «ምን ነበረበት፣ ቀላል ነበር እኮ» ትለኛለች። ስፌቷን ለማዳን ከራሷ ጋር ተጣልቼ ከረምኩ።

ሁለተኛው እሑድ ላይ ሁሉም ባንድ ከሰዓት ሊጠይቋት መጡ።

መጀመሪያ የገባው የጫኞቹ አለቃ ነው፤ ጥቁር መነጽር ገዝቶ መጥቷል። «ብርሃን ይጎዳዎታል፣ እትዬ» ብሎ ራሱ ዓይኗ ላይ አደረገላት። አስተማሪዋ ተከትላ ከዘራ ይዛ መጣች፤ የሟች ባሏ ነው፣ ጫፉ ላይ ጎማ አለው። ጭኗ ላይ አጋደመችላት። ቀጥሎ በሩ ዝግ ብሎ ተከፈተና እማማ ዳኛ በዚያ በታሰበበት እርምጃቸው ገቡ። ባንድ እጃቸው ማኘክ ለማይችል ሰው የተጠለለ ቀጭን ሾርባ፣ በክንዳቸው ያቺ ጨርቅ። ሾርባውን እጇ ላይ አኖሩላት። እምቢ የማታውቀው እህቴ ሁሉንም እሺ ብላ ተቀብላ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ከዘራ ታቅፋ፣ ሾርባ ይዛ፣ ትራስ ላይ ባንድ ጎኗ ጋደል ብላ ተቀምጣለች። ያየኋት እኔ ሳቄን ለመዋጥ ግድግዳ አየሁ።

እማማ ዳኛ ከላይ እስከ ታች መረመሯት። «ጥርስ ለተነቀለ ሰው ከዘራው ምንድነው?»

«የምን ጥርስ?» አለች አስተማሪዋ። «ጉልበቷን አይደል እንዴ?»

«ጉልበት?» አለ አለቃው ተገርሞ። «ዓይናቸውን ነው እንጂ! ሹፌሩ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሁላችንም ወደ ሹፌሩ ዞርን። «ውሃ ላምጣ» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ቧንቧው ሲከፈት ሰማን፤ ሳይዘጋም ቀረ።

እማማ ዳኛ ሌላ ሳይሉ የሚቀመጡበት ፈለጉ። ሶፋው ሞልቷል። ወንበር አከራይ ቤት ውስጥ ወንበር ጠፋ ብል ማን ያምነኛል? አለቃው ወዲያው ከፒክአፑ አንድ ቁልል አምጥቶ በር ላይ አቆመና ሌላ ሊጨምር ደረጃውን ወረደ። ቁልሉ ከሰዓቱን ፀሐይ ላይ ስለዋለ ወንበሮቹ ተጣብቀዋል። የላይኛውን ሳብኩ። አልወጣም። እግሬን አስደግፌ ሳብኩ፤ ቁልሉ ሙሉ ተከተለኝ። አስተማሪዋ በአንድ በኩል ይዛልኝ ሞከርን፤ ተያይዘን ልንወድቅ ምንም አልቀረን። እንደዚህ የተጣበቀ ወንበር በግቢያችን የሚያላቅቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቁልሉን ከፍ አድርጎ አንስቶ፣ መሬት ላይ አንዴ ጠለዝ ማድረግ ነው ዘዴው።

«ተዪ አንቺ፣ አትችዪበትም» አሉኝ እማማ ዳኛ። ወደ እህቴ ዞሩ። «ተነሺና አንዱን አውጪልኝ፣ ልጄ። የተነቀለው ጥርስሽ ነው፤ እጅሽ ምን ሆነ?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የእናታችን አፈር ትዝ አለኝ፣ መልሼ ገጠምኩት። እህቴን በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን መነጽሩን አወለቀች፣ ሾርባውን ጠረጴዛ ላይ አደረገች፣ ከዘራውን ግድግዳ አስደግፋ ተነሳች። ሰው አንሺ ሲላት እግሯ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ነው የሚሄደው። ቁልሉ አጠገብ ደረሰች። ሁለት እጇን ከሥሩ አስገባች። ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ያን አቋቋሟን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሆፕ ብሎ ማንሳት ነው። የሐኪሟ ማንቆርቆሪያ ዓይኔ ላይ መጣ፣ ያ ሁሉ ስፌት፣ ያ ሁሉ መከራ። እህቴን እንደዚያን ሰዓት ሳስቼላት አላውቅም።

እንዲያው እንዳለች ቆየች። ከዚያ እጇን አወጣች።

«እምቢ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ራሷም የደነገጠች መሰለኝ። አለቃው ሁለተኛውን ቁልል ይዞ በር ላይ ደርሶ እዚያው ቀረ።

«ምን አልሽ?» አሉ እማማ ዳኛ።

«አላነሳም። ጥርሴም አልተነቀለም፣ ዓይኔም ደህና ነው፣ ጉልበቴም ከናንተ ይሻላል። ማህፀኔ ወርዶ ነው። አራት ወልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወንበር ተሸክሜ፣ ታች ድረስ ወረደ። የተሰፋው ብልቴ ነው። ስፌቱ እስኪጠና ካነሳሁ ይተረተራል፤ ስለዚህ ወንበርም ሆነ ልጅ፣ የስፌት መኪናም ሆነ ቁም ሣጥን አላነሳም። እምቢ ብያለሁ!»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጥቁር መነጽር አለቃው ቀስ ብሎ አነሳና ራሱ አደረገው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ይፈሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እህቴ ጋ ግን ባንዴ ፍጥጥ ብሎ ወጣ።

እማማ ዳኛ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ፍርዱን ጠበቅን። «ወንዶች ውጡ» አሉ። አለቃው ወንበሩን ጥሎ ደረጃውን በረረ። ሹፌሩም እጁ እያንጠባጠበ ከወጥ ቤት ወጥቶ፣ ማንንም ሳያይ ተከተለው።

በሩ ሲዘጋ አስተማሪዋ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። ጨርቃቸውን አነጠፉ፣ ተቀመጡ፣ እህቴን ፊት ለፊታቸው አስቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ። ስሙን ሳወጣላቸው አልተሳሳትኩም።

«በየት በኩል ነው የሚቀድዱት? በሆድ?»

«የኔን በሆድ አይደለም፣ እማማ፤ በዚያው በታች በኩል ነው። ላዬ ላይ አንድ ጭረት የለም። ከሰው ሰው ይለያያል፣ ላንዳንዱ በሆድ በኩል የሚሻል ጊዜም አለ አሉኝ።»

«ስትቀደጂ ታውቂያለሽ?»

«ወገቤ ላይ መርፌ ወጉኝ፤ ከዚያ በታች እግሬ የኔ ነው ቢሉኝ አላምንም። ነቅቼ ሐኪሟና ሲስተሯ ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ እሰማለሁ። አከራያቸው ጨካኝ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ማደሪያ ክፍል ስገባ የሽንት ቱቦ አለኝ፤ ውስጤም ደም እንዲያቆም የተጠቀጠቀ ፋሻ አለ። በማግስቱ ሲስተሯ ፋሻውን ልታወጣ መጣችና መጎተት ጀመረች። ትጎትታለች፣ ይመጣል፤ ትጎትታለች፣ ይመጣል። ‹ሲስተር፣ የድንኳን ገመድ ነው እንዴ ያስገባችሁብኝ?› አልኳት።»

አስተማሪዋ ፍርፍር ብላ ሳቀች። እማማ ዳኛ የሶፋውን ክንድ ጭምቅ አድርገው ያዙና ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ያማል?» አሉ የአስተማሪዋ ሳቅ ሲበርድ።

«አይዋሽም፣ ያማል። እንደ ምጥ ግን አይደለም፤ በክኒን ይያዛል። መቀመጥ ነው የከበደኝ። ቱቦውን ካወጡልኝ በኋላ ሽንቴ አልመጣ ብሎ ቧንቧ ከፍተው አሰሙኝ፣ አሁን ልጅዎ እንዳደረገው።»

«ደሙስ?»

«ትንሽ ትንሽ አለ፤ ለጥቂት ሳምንት የሚጠበቅ ነው። ክሩ ራሱ ይሟሟል እንጂ አይነቀልም። ድርቀት እንዳይዘኝ ውሃና ቅጠላ ቅጠል ነው የምወስደው፤ ማማጥ ክልክል ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ደሙ ከበዛ፣ ከሸተተ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት ነው። መራመዱ ደግ ነው ብለውኛል። ደግሞ ለዘለዓለም ዋስትና የለውም፤ አንዳንዷ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ጡንቻውን እየሰበሰቡ ማሠራት፣ ሸክምን መተው ነው።»

እማማ ዳኛ የጨርቃቸውን ጠርዝ በጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ ቅድም ሁላችንን ባስደነገጠው ድምፅ ሳይሆን፣ ሰምተነው በማናውቀው በትንሽ ድምፅ ጠየቁ።

«ስትስቂስ?»

«ስስቅ ሆዴ ላይ ትራስ እይዛለሁ።»

«እሱን አይደለም። ስትስቂ... ሽንትሽ ያመልጥሻል ወይ ነው?»

ያኔ ጨርቋን አየሁ። ወፍራም ናት፤ ሁለት ድርብ ሆና የተሰፋች፣ ከታጠበች ብዛት የሳሳች። ለካ ወንበራችንን ተጸይፈው አልነበረም። እንዳያበላሹብን ነበር። ያ የምንስቅበት የንግሥት እርምጃም፣ ያ ሰው ሁሉ ሲስቅ ከንፈር መግጠማቸውም፣ ቶሎ ተነስተው መሄዳቸውም ባንዴ ፊቴ ላይ ተዘረገፈ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ያለውን ሰው ግን ያነቅዛል።

«እርስዎም?» አለች እህቴ።

«ይሄን ሹፌርሽን ከወለድኩ ጀምሮ» አሉ እማማ ዳኛ። «ትልቅ ራስ ነበረው።»

እህቴ ሳቋ ፈነዳ፤ ትራሷን ለማንሳት ስትንደፋደፍ ሰጠኋት። እሳቸው ግን የሶፋውን ክንድ ጨምቀው ቁጭ አሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። የሳቅ ይሁን የሌላ አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ሐኪሟ እህቴን ስትመረምር ከመጋረጃው ወዲህ ሆነን ጠበቅን። «ይዟል» አለች። «በጣም ጥሩ ይዟል። ምንም አላነሱማ?»

«እምቢ አልኩ» አለች እህቴ፣ ሜዳሊያ እንደተቀበለች ሁሉ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «አማቴን አምጥቻለሁ» አለች።

የእማማ ዳኛም ማህፀን ወርዶ ተገኘ፤ ሕክምናው ግን ጊዜ ወሰደ። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም አለች ሐኪሟ፤ መጀመሪያ ግን ልባቸው፣ ስኳራቸው፣ የደም ግፊታቸው ታየ። የእሳቸው ሲሠራ ፊኛቸው ሥርም አንድ ድጋፍ ተጨመረበት። ወደ ቀዶ ሕክምናው ሊገቡ ሲሉ ሹፌሩ አልጋቸው አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት እያየ «እማዬ፣ ለሰው ምን ልበል?» አላቸው።

«እውነቱን በል» አሉት። «አለዚያ ከዘራና መነጽር ሲቆለልብኝ ልከርም ነው?»

እሺ አለ። እንግዲህ ዓይን አፋር ሰው እሺ ሲል መጠን አያውቅም።

ካገገሙ በኋላ አንድ ረፋድ ግቢያችንን ሊያዩ መጡ። እርምጃቸው ያው ዝግተኛ ነው፤ ልማድ ሆኗል መሰለኝ። ጫኞቹ መኪና ይሞላሉ፣ እህቴ አጠገባቸው ቆማ በጣቷ «ያን ወደዚያ፣ ይሄን ወደዚህ» ትላለች፤ አለቃው «ክሬን ዱሮ ታነሳ ነበር፣ አሁን ታስነሳለች» እያለ ያጉረመርማል። ፉጨቷም ተመልሷል። እኔ ለእማማ ዳኛ ወንበር አወጣሁላቸው። ክንዳቸውን አየሁ። ጨርቅ የለም። ወንበሩን ትንሽ አዩትና እንዲሁ ተቀመጡበት። ስልኩ ሲጮህ እንኳ አላነሳሁትም።

ስለዚህ ሹፌሩ አነሳው። ደንበኛ ነው፤ ወንበር ፈልጎ።

«አቤት፣ ወንበር አለ» አለ ሹፌሩ። «ግን ለቅዳሜ አልችልም፣ እናቴን ወደ ሐኪም የማደርስበት ቀን ነው... አይ፣ ደህና ናት። ማህፀኗ ወርዶ ተሰፍታ ነው። ፊኛዋም ጭምር... አዎ፣ በታች በኩል... ሃሎ? ሃሎ?» ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። «ዘጋው» አለ ግራ ገብቶት። «ወንበሩን አይፈልግም ይሆን?»

በመጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቅንም። ጫኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። እማማ ዳኛ ናቸው። እጀታውን እንደ ልማዳቸው ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ከንፈራቸውን ሊገጥሙ ታገሉ፤ አቃታቸው። እጃቸው ለቀቀ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ግቢው እስኪያስተጋባ ሳቁ። ባለ ትልቅ ራሱ ልጃቸው እናቱ ሲስቁ አይቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

ሳቃቸው ሲበርድ ድንገት ፊታቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው ተነሱ። ዞሩና ወንበሩን አዩት፤ በመዳፋቸውም ዳሰሱት። ደረቅ ነው።

«ጥሩ ወንበር ነው ያላችሁ» አሉኝና መልሰው ተቀመጡ።